ኮምፒዩተር ውስጥ የገዛሁት መቃብር

ገንዘቧን ለነፋስ ትበትናለች እያሉ ያሙኝ ነበር። ይሙኝ። ኢየሩሳሌም፣ ቂርያት መናሔም ሰፈር ያለ ከኢትዮጵያ የመጣ የእኛ ሰው ሁሉ፣ ሕንጻው ሥር ካለው ሱቅ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው፣ ነገሬን ያውቅ ነበር። ያቺ ዘበኛዋ፣ ኮምፒዩተር ውስጥ መሬት የገዛችው፣ ይሉኛል። አዎ፣ ገዛሁ። ዛሬም ቢጠይቁኝ ገዛሁ እላለሁ። የወንድሜ ሚስት ባየችኝ ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትላለች፤ ራሷ ተርታ ራሷ ትስቃለች። መጀመሪያ ሰሞን ወተት ፈልጌ እንዳልገዛሁ ለማስረዳት እሞክር ነበር። በኋላ ተውኩት። ለመስማት ላልመጣ ሰው ማስረዳት ልፋት ነው።

ሥራዬ በር ላይ ነበር። ከሐበሻ መንገድ ጥቂት ወረድ ብሎ ባለ የቢሮ ሕንጻ በር ቆሜ የሚገባውን ሰው ቦርሳ እፈትሻለሁ። በዚያ ዘመን ኢየሩሳሌም ውስጥ ቦርሳ የማይፈተሽበት በር አልነበረም፤ አውቶቡስና ካፌ የፈነዳበት ጊዜ ገና ከሰው ልብ አልወጣም። ፈታሹ ደግሞ ወይ እኛ ነን ወይ ከሩሲያ የመጡት። የጓሮውን በር የምትጠብቀው አንዲት ሩሲያዊት ነበረች። በሁለታችንም ስብርባሪ ዕብራይስጥ እናወራለን። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የጫማ ሱቅ አለኝ አለችኝ። የት ነው ብላት ኢንተርኔት ውስጥ ነው አለች። ጫማውን የሚያደርጉት እዚያው ያሉ ምስሎች ናቸው ስትለኝ፣ እግር የሌለው ሰው ጫማ ይገዛል ወይ ብዬ ሳቅሁባት። ምንም አልከፋትም። እየገዙ ነው አለች፣ በገንዘቡም የቤቷን ምንጣፍ እንደለወጠች ነገረችኝ። በዕረፍት ቀናችን ቤቴ መጥታ አሳየችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ ውስጥ አንድ ዓለም አለ። አንቺን የሚመስል፣ ከፈለግሽም የማይመስል፣ ሰው ትሠሪያለሽ። እሱ ይራመዳል፣ ይቀመጣል፣ ከሌላ ሀገር ሰው ምስል ጋር በጽሑፍ ያወራል። ልብስ፣ ፀጉር፣ ቤት፣ መሬት ይሸጣል። ገንዘቡ ግን የጨዋታ አይደለም፤ እኛ አሽራይ ከምንለው የባንክ ካርድ የሚቆረጥ፣ በላብ የመጣ ገንዘብ ነው። እኔ መጀመሪያ ፀጉር ገዛሁ። የራሴን ፀጉር ለመሠራት የምሳሳ ሴት፣ ለምስሌ ሹሩባ ገዛሁለት። ቀጥሎ ነጠላ የሚመስል ነገር አገኘሁና አለበስኩት። ከዚያ እንዲሁ እዞር ጀመር። ከተማው፣ ዳንስ ቤቱ፣ ሰው ሁሉ ክንፍ አውጥቶ የሚበርበት ነገር ደስ አላለኝም። አንድ ቀን ግን ከከተማው ርቆ ወዳለ ለጥ ያለ ደረቅ ሜዳ ደረስኩ። ቤት የለ፣ ሰው የለ። ቀዩ አቧራ ባሕር ዳርቻ ድረስ ተዘርግቷል። የሚሸጥ ነው ይላል። እጄን ማውሱ ላይ አድርጌ ቀረሁ።

ሱዳንን ነበር የሚመስለው። እናቴ የቀረችው ሱዳን ነው። ወደ ኢየሩሳሌም ለመምጣት ከሰሜን ኢትዮጵያ ወጥተን በእግር ስንሄድ ደኅና ነበረች፤ የስደተኞች መጠለያው ውስጥ ታመመችና ሞተች። እኔ ስድስት ወይ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ዕድሜያችንን ማን ቆጥሮት። አባባና ታላቅ ወንድሜ ይዘዋት ሄዱ፣ ያለ እሷ ተመለሱ። ለቅሶ አልተቀመጥንም። በኦሪቱ ወግ ብንቀመጥ አይሁድ መሆናችን ይታወቅብን ነበር፤ ከታወቀ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አባባ አፌን በመዳፉ ይዞ እንዳላለቅስ ያደረገኝን አስታውሳለሁ። የእናቴን ፊት ግን አላስታውስም። ይኼ ያናድደኛል። የአባባን መዳፍ አስታውሼ የእሷን ፊት መርሳቴ ዛሬም ያናድደኛል።

አባባ እዚህ መጥቶ አርጅቶ ሞተ። እዚሁ ከተማ ጊቭዓት ሻኡል መካነ መቃብር ተቀብሯል፣ ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ አለው፣ ሄጄ እጄን አሳርፍበታለሁ። እሷስ ምን አላት? በመንገድ ላይ ላለቁት ሁሉ የሚሆን መታሰቢያ አለ። በዓመት አንዴ በአውቶቡስ ይወስዱናል፣ ሹማምንት ይናገራሉ፣ የላስቲክ ውሃ ይታደላል፣ እንመለሳለን። አልጠላሁትም። ግን የሁሉም የሆነ ነገር የእናቴ ብቻ አይሆንም። ወንድሜን የት ነው የቀበራችኋት ብዬ ስጠይቀው ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነበር፤ የተኛውን አትቀስቅሺ ይለኛል። ኋላ ኋላ መጠየቅም ተውኩ። መሬቱን ባየሁበት ቀን ግን ካርዴን ከቦርሳዬ አወጣሁና ገዛሁ። ማንንም አላማከርኩም።

ድንጋይ መሥራት እስክለምድ ብዙ ደከምኩ። አንዱ ድንጋይ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ሌላው መሬት ውስጥ ይሰምጣል። ሩሲያዊቷ እያሳየችኝ የእናቴን መቃብር ቀስ በቀስ ከመርኩት፤ በሀገራችን እንደሚደረገው ድንጋይ በድንጋይ ላይ። አጥር አጠርኩለት። አንዲት ግራር ገዝቼ ራስጌዋ ላይ ተከልኩ። ከዚያ ከሥራ በገባሁ ቁጥር ምስሌን ወስጄ መቃብሩ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ሌላ የማደርገው የለም። እቀመጣለሁ። ከሥራ ቀርቼ ሳይሆን፣ ሥራዬን ጨርሼ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ። ሌላው ሰው በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ያያል፤ እሱን ማን ሰደበው?

ልቤ ግን እዚያው መዋል ጀመረ፣ ይኼንን አልክድም። አንድ ክረምት ኢየሩሳሌም ላይ በረዶ ጣለ። በሩ ላይ ቆሜ እጄን እያሟሟቅሁ፣ መቃብሯ ላይም ወርዶ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እዚያ በረዶ እንደማይጥል አውቃለሁ፤ አብጄ አይደለም። ቤት ስገባ ግን ካፖርቴን ሳላወልቅ ከፍቼ አየሁ። ደረቅ ነበር። ተመስገን አልኩ።

ሌላ ቀን ደግሞ የአህያ ራስ ያለው ሰው በአየር መጥቶ አጥሩ አጠገብ አረፈ። እዚያ ሰው እንዳሻው ነው። ይኼ ምንድን ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈልኝ። የምችለውን ያህል ለቃቅሜ፣ እናቴ ናት፣ መቃብር የላትም፣ እዚህ ሠራሁላት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ክንፉን አጠፈና ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ፤ ያ ረጅም ጆሮው መሬት ሊነካ። ብዙ ቆየ። አዝናለሁ ብሎ ጽፎ በእግሩ ሄደ፣ አልበረረም። እኔ ያን ቀን ነው እንባዬ የመጣው። ከስንት ዘመድ ይልቅ ያ የአህያ ራስ አስተዛዘነኝ።

መሬቱ የእማማ መቃብር መሆኑን ወንድሜ የሰማው ከራሴ አፍ ነው። የኩሽናዬን ቧንቧ ሊጠግንልኝ መጥቶ፣ ሲጨርስ ና ላሳይህ አልኩት። የእማማ ነው ስለው ፊቱ ጠቆረ። ወደ ኮምፒዩተሩ ቀና ብሎ እንኳን አላየም። ስንት ታወጪበታለሽ አለኝ፤ ነገርኩት። በየወሩ ነው ወይ አለ። በየወሩ ነው፣ መክፈል ካቆምኩ መሬቱን ያጠፉታል፣ ላዩ ያለውም አብሮ ይጠፋል አልኩት። እንግዲያው ይጥፋ አለ። የእናታችንን ስም መጫወቻ አደረግሽው፣ ዘመድ ሰምቶ መሳቂያ ሆንን አለ። እሱ ሲቆጣ ድምፁ አይጨምርም፣ ይቀንሳል። ያን ቀን በጣም ቀነሰ። «ዝጊው» አለኝ። «አልዘጋም፣ ጋሼ» አልኩት። ከወለደኝ አባት ቀጥሎ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ እምቢ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። መፍቻውን ሰብስቦ ወጣ። ሽማግሌ እንደሚልክብኝ ያኔውኑ አውቄያለሁ።

ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። እኛ ዘንድ የሽማግሌ ፍርድ አልቀበልም ያለን ሰው፣ ፖሊስ አይይዘው፣ ዳኛ አይቀጣው፤ ግን በሠርጉ ድንኳኑ ባዶ ይሆናል፣ በሐዘኑም ደጁን የሚረግጥ አይገኝም። ሽማግሌዎቹ ዝጊ ካሉኝ ሁለት ምርጫ ነው ያለኝ። ወይ እናቴን ሁለተኛ ያለ መቃብር አስቀራታለሁ፣ ወይ ከወገኔ እቆረጣለሁ። ያን ሰሞን እህል አልበላ አለኝ።

ጎንደሬ የሆኑ አንዲት አሮጊት መነኩሴ ነበሩ፣ ሐበሻ መንገድ ላይ ካለው ገዳም እየወጡ በእኛ በር የሚገቡ። ሕንጻው ውስጥ ሐኪም አላቸው። ቦርሳቸውን ስፈትሽ አፍራለሁ፤ ዳዊታቸውና መድኃኒታቸው ብቻ ነው ያለው። ምን ሆነሽ ነው የገረጣሽ አሉኝ። ሰው ስላልነበረ ሁሉን ነገርኳቸው። ኮምፒዩተሩ የገባቸው አይመስለኝም፤ መሬት የሚለው ግን ገባቸው።

«በማን ስም ነው?» አሉኝ።

«በስሜ ነው፣ እማሆይ።»

«እንግዲያው አትልቀቂ። እኛ ዴር ሡልጣን ገዳማችን ውስጥ እስከ ዛሬ ያለነው በሌላ አይደለም፣ ስላልለቀቅን ነው። በቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ጎጆ ቀለሳችሁ ተብለን ስንት ተስቆብናል መሰለሽ።»

ቦርሳቸውን ይዘው ወደ ሐኪማቸው ሄዱ። በሀገራችን ቢሆን የእሳቸውና የእኔ ሰዎች በአንድ ማዕድ አይቀመጡም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛው የእኛው የኦሪት ቄስ ናቸው፤ ነጭ ጥምጥማቸውንና ጃንጥላቸውን ይዘው ያን ሁሉ ደረጃ ወጡ። ሁለተኛው በሀገር ቤት የድንበር ክርክር ሲዳኙ የኖሩ፣ አሁን የልጅ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት የሚያመላልሱ አዛውንት ናቸው። ሦስተኛው ጎረቤቴ ሲሆኑ ጆሯቸው አይሰማም፤ ለቁጥር የመጡ ናቸው። ወንድሜ ተነሥቶ ነገሩን አሰማ። ገንዘብ ይባክናል፣ የሞተች እናት ትዋረዳለች፣ እህቴ አእምሮዋን እንዳትስት እፈራለሁ አለ። ሳላቋርጠው ሰማሁ፤ ወጉ ነው። ተራዬ ሲደርስ፣ ገንዘቡ የላቤ ነው፣ ከማንም አልተበደርኩም፣ መቃብር የሌላት እናት መቃብር ሠራሁላት፣ ሳዋርዳት ያየ ሰው ካለ ይመስክርብኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ይኼ ነገር ጥላ ነው፣ ነፋስ ነው፣ የለም፤ በሌለ ነገር ላይ ገንዘብ ማውጣት ደግሞ የሰነፍ ሥራ ነው አሉ። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። አዛውንቱ ግን እጃቸውን አነሡ። ክርክሩ የመሬት ነው አይደለም ወይ፣ መሬት ደግሞ ሳይረገጥ አይፈረድበትም፣ እኔ በሕይወቴ ያላየሁት መሬት ላይ ፈርጄ አላውቅም አሉ። ቀልደው አልነበረም። ወንበራቸውን ራሳቸው ይዘው ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ወንድሜ ብቻ ከመስኮቱ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶን ቀረ።

ምስሌን በድንበሩ ላይ አስኬድኩት። አዛውንቱ እንደ ደንቡ ይጠይቁኝ ጀመር፤ በምሥራቅ ማን ያዋስንሻል አሉ። አንድ ጀርመናዊ ነው፣ ጭፈራ ቤት አለው አልኩ። ጠብ አላችሁ ወይ አሉ። ሙዚቃ ያበዛ ነበር፣ ለቅሶ ቤት ነው ብዬ ብጽፍለት ቀነሰልኝ አልኩ። በምዕራብስ? ባሕር ነው። ደግ ወሰን ነው፣ ባሕር አይገፋም አሉ። ይኼን ሁሉ ሲሉ ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ነበር፣ ፊታቸውም እንደ ዳኛ የኮስተረ። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። ከዚያ አጥሩን ከፍቼ ምስሌን ወደ ውስጥ አስገባሁና ወደ ድንጋዩ ክምር መራመድ ጀመርኩ።

ቄሱ ብድግ አሉ። ወንበራቸው ወደቀ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ ኩሽናው በር ድረስ ወደ ኋላ ሄዱ።

«ቆዪ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ከአጥሩ ወዲህ እቆማለሁ። ቄስ ነኝ፣ መቃብር አልጠጋም።»

እኛ ዘንድ ሬሳ ወይም መቃብር የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ፣ ወንዝ ወርዶ ታጥቦ ነው የሚመለሰው። ቄስ ደግሞ ከሩቁ ይጸልያል እንጂ አይቀርብም። አትንኩኝ ብለን የኖርንበት ወግ ነው፤ በሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሳሎኔ መሀል ያገኘናል ያለ ግን የለም። ቄሱ ያደረጉት ለራሳቸውም የገባቸው ዘግይቶ ነው መሰለኝ፤ እጃቸው ነጠላው ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ ግን ዝም አልልም። በዚያ ቀን ዝም ካልኩ መቼ ልናገር ነው?

«አባ፣ የለም ብለው የለ? ከሌለ ምን ከለከለዎት?»

ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም። አውቃለሁ። ወንድሜ ከመስኮቱ ዞሮ በቁጣ አየኝ። ቄሱ ግን አልተቆጡም። እናትሽ የማን ልጅ ናት ብለው የአያቴን ስም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አያቴን አወቋቸው፤ ቄሱ ራሳቸው ከእኛ መንደር ወንዝ ማዶ ነበሩ። ከዚያ ከኩሽናው በር ሳይነቃነቁ፣ እጃቸውን ዘርግተው በግዕዝ ጸለዩላት። በእናቴ ላይ ጸሎት ሲደረስ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ያን ያህል ዓመት አፌ ላይ የነበረው መዳፍ የተነሣ መሰለኝና ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ማንም ዝም በይ አላለኝም። ጆሯቸው የማይሰማው ጎረቤቴ እንኳን ደረታቸውን ይመቱ ነበር።

ፍርዱን የተናገሩት አዛውንቱ ናቸው። መሬቱ የእሷ ነው፣ ትያዘው፤ ወንድምም ሳያይ የተናገረውን አይቶ ይናገር አሉ። ሦስቱም ውሃ አስመጥተው ታጠቡና እየተደጋገፉ ደረጃውን ወረዱ።

ወንድሜ አብሯቸው ይወርዳል ብዬ ነበር። በሩን ዘግቼ ስመለስ አዛውንቱ የለቀቁት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስክሪኑን ያያል። ድል አድርጌ ነበርና አንድ ነገር ልወረውርለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን ሳየው ተውኩት።

«ግራር አልነበረም» አለኝ።

«ምን ነበረ?»

«ምንም።» ዐይኑን ከስክሪኑ አላነሣም። «አባባ ታሞ እንደነበረ ታስታውሻለሽ? ተቀምጦ ነበር። የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ዶማ አልነበረኝም፣ በጣሳ ክዳንና በእጄ ነው። መሬቱ ድንጋይ ነበር፣ ሰው እንዳያየን ደግሞ መቸኮል ነበረብን።» ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያያቸው ጀመር። «ጥልቅ አላደረግኩትም። እዚህ ድረስ ነው» ብሎ ከቅልጥሙ በታች አሳየኝ። «ጅብ ነበር እዚያ አገር። ሁልጊዜ የማስበው እሱን ነው።»

የተኛውን አትቀስቅሺ ሲለኝ የኖረው ለካ ይኼን ነው። እኔ ገንዘቡ የቆጨው፣ የዘመድ ሳቅ ያሳፈረው መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ምን ይባላል? አንተ ልጅ ነበርክ ብዬ ብነግረው ሌላ ሰው የነገረውን መድገም ነው፤ የነገረው ካለ። ወንበሬን ወደ እሱ ሳብኩ።

«እዚህ ይቆፈራል ወይ?» አለኝ።

«ይቆፈራል፣ ጋሼ።»

ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ወደ ጎን አነሣሁለት፣ ግራሯንም ነቀልኩ። ማውስ ነክቶ አያውቅም። እጁን ይዤ ላዩ ላይ አስቀመጥኩለትና የትኛውን ጣቱን መጫን እንዳለበት አሳየሁት። ቀይዋ መሬት ዝቅ አለች። ደንግጦ አየኝ፤ ቀጥል አልኩት። ጫነ፣ ደግሞም ጫነ። እንዲህ ይበቃል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም ይበቃል አላልኩትም። መሀሉ ላይ የቆመው የምስሌ ራስ ከጉድጓዱ አፍ በታች እስኪሆን ድረስ ቆፈረ።